ሰስባንያ፤ ውሃ በሚተኛበት መሬት ላይ የሚበቅል የከብት መኖ
(በፎገራ ሜዳ ለተሰበሰቡ ገበሬዎች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምነግራችሁ ስለ አንድ ተክል ነው። ሰው አይበላውም፤ ገበያ ወጥቶም ብዙ ዋጋ አያወጣም። ከብት ግን ይወደዋል። ስሙ ሰስባንያ ይባላል። ከእናንተ መካከል ስሙን ብቻ የሰማ አለ፤ ተክሎ ከብቱን ያበላበት አለ፤ ተክሎ የደረቀበትም አለ። የደረቀባችሁ ሰዎች፣ ጥፋቱ የተክሉ ወይም የእናንተ መስሏችሁ ከሆነ፣ ዋናው ጥፋት የእኛ የሙያተኞቹ እንደ ነበረ አስቀድሜ ልናገር። እንዴት እንደ ሆነ በቦታው እነግራችኋለሁ።

በመጀመሪያ የችግራችንን መነሻ እንመልከት። ይህ የፎገራ ሜዳ ከጥንት ጀምሮ የከብት አገር ነው። በክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳው ላይ ይተኛሉ፤ ከመስከረም በኋላ ውሃው ወደ ጣና ሲሸሽ ሣሩ ተከትሎት ይወጣል። የፎገራ ከብት የሚባለው፣ በወተቱም በጉልበቱም ስሙ የተነሣው ዘር፣ በዚሁ ሣር ያደገ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ደግሞ ሩዝ ወደዚህ ሜዳ ገባ። ሩዝ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም፤ ውሃ ይተኛበታል ተብሎ ዘር የማይጣልበትን መሬት እህል እንዲያፈራ አድርጎታል፤ ብዙ ቤትም በእርሱ በቆርቆሮ ተሸፍኗል። ነገር ግን ሩዙ የተዘራው በሰማይ ላይ አይደለም፤ ትናንት ግጦሽ በነበረው ላይ ነው። የቀረውንም የወል ግጦሽ በብዙ ቦታ አሜከላ ወርሶታል።

እንግዲህ አሁን ከብቶቻችን የሚበሉት ምንድን ነው? አብዛኛውን ጊዜ የሩዝ ገለባ ነው። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ በየግቢው ስዞር የማየው ክምሩ ሲያንስና የበሬው የጎን አጥንት ሲቈጠር ነው። ሰኔ ሲገባ ማረሻ ጎትት የሚባለውም ያው በሬ ነው። አንዳንዱ ሰው ከሁለት በሬ አንዱን ሸጦ ለሌላው ገለባ ይገዛል፤ ከዚያም ለእርሻ ሲሆን በሬ ለማጣመር ጎረቤት ደጅ ይጠናል። ይህን ነገር ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ።

«ገለባ ሆድ ይሞላል እንጂ ጉልበት አይሆንም» ስትሉ እሰማለሁ። ልክ ናችሁ። ምክንያቱን ግን ላስረዳ፤ እርሱን ካወቅን የሰስባንያ ጥቅም በራሱ ይገለጣልና። በሬ ገለባውን ብቻውን አይፈጨውም። በትልቁ ጨጓራው ውስጥ በዓይን የማይታዩ፣ ቍጥር የሌላቸው ነፍሳት አሉ፤ ገለባውን የሚያፈርሱለት እነርሱ ናቸው። እነዚህ ሠራተኞች ደግሞ ቀለባቸው ፕሮቲን የሚባለው ገንቢ ምግብ ነው። በመኖው ውስጥ ከመቶ 7 እጅ ያህል ፕሮቲን ካላገኙ ሥራቸውን ያቀዘቅዛሉ። የሩዝ ገለባ ያለው ከመቶ 4 ወይም 5 እጅ ያህል ነው። ስለዚህ ገለባው በጨጓራ ውስጥ ሳይፈርስ ይቆያል፤ ሆዱ ስለ ሞላ እንስሳው ሌላ መብላት አይችልም፤ ጠግቦ ሳለ ይከሳል። የሰስባንያ ቅጠል ግን ከመቶ ከ20 እስከ 30 እጅ ፕሮቲን አለው። በገለባው ላይ ጥቂት ቅጠል ሲጨመር እነዚያ ሠራተኞች ቀለባቸውን አግኝተው ገለባውን ይነሡበታል። ስለዚህ ሰስባንያ የገለባ ምትክ አይደለም፤ ገለባውን የሚያሠራ ነው።

አሁን ተክሉን ላስተዋውቃችሁ። ሰስባንያ ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ አይደለም። የገዛ አገራችን ተክል ነው፤ በየወንዙ ዳርና በየሐይቁ ዙሪያ፣ ውሃ በሚመላለስበት ረግረግ ላይ ማንም ሳይተክለው ይበቅላል። ስሙ ከዐረብኛ የመጣ ነው። ዛፍ ነው ብለው የሚከራከሩ አሉ፤ ሣር ነው የሚሉም አሉ። በቁመቱ ዛፍ ይመስላል፤ ደኅና መሬት ካገኘ በአንድ ዓመት ውስጥ 4 ወይም 5 ሜትር ይደርሳል። ግንዱ ግን እንደ ዛፍ አልጠነከረም፤ ለስላሳና ተሰባሪ ነው፤ ዕድሜውም አጭር ነው። ቅጠሉ በአንድ ዘንግ ግራና ቀኝ እንደ ላባ የተደረደረ ጥቃቅን ነው። አበባው ቢጫ ሆኖ በጀርባው ወይን ጠጅ ነጠብጣብ አለበት፤ እንደ አተር አበባ ክንፍ ያለው ነው። ፍሬው ቀጭን ረጅም ቆባ ነው፤ እስከ 30 ሳንቲ ሜትር የሚደርስ አለ፤ በውስጡ ዘሩ በሰልፍ ይቀመጣል። አበባውንና ቆባውን ያየ ሰው የባቄላና የጓያ ዘመድ መሆኑን ወዲያው ያውቃል።

ዘመድ በመሆኑም የእነርሱ ጠባይ አለው፤ ከነፋስ ናይትሮጂን የሚባለውን የአፈር ቀለብ ወስዶ በሥሩ ያከማቻል። ነገር ግን ባቄላ ውሃ ሲተኛበት ይቢጫል፤ ሰስባንያ አይቢጭም። ይህ ከብዙዎቹ የመኖ ዛፎች የሚለይበት ነው። በደጋ የለመድነው ትሪሉሰርን ሥሩ ውሃ ውስጥ ጥቂት ጊዜ ከቆየ ይሞታል። ሉኪንያም ውሃ የሚያቁር መሬት አይወድም። ሰስባንያ ውሃ ሲመጣበት ከግንዱ ላይ አዳዲስ ሥሮች ያወጣል፤ ግንዱም በውሃ ውስጥ ያለው ክፍል እንደ ስፖንጅ ይሆንና አየርን ወደ ታች ያደርሳል። ስለዚህ የእኛ ዋልካ መሬት፣ በክረምት እግር የሚይዝ፣ በበጋ የሚሰነጠቅ፣ ለእርሱ ቤቱ ነው። ከባሕር ወለል በላይ እስከ 2300 ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ውርጭ ግን አይችልም። ፎገራ ከ1800 ሜትር ብዙም ስለማይርቅ በዚህ በኩል ስጋት የለብንም።

እንግዲህ ቃል ወደ ገባሁላችሁ ነገር ልመለስ። ከእርሻ ኮሌጅ ወጥቼ ሥራ በጀመርሁበት ዓመት፣ ከዚህ ርቆ በሚገኝ አንድ ቀበሌ የልማት ሠራተኛ ነበርሁ። አንድ ቀን ብዙ የሰስባንያ ችግኝ በመኪና መጣና «ለገበሬው አከፋፍለህ ቍጥሩን ላክ» ተባልሁ። አከፋፈልሁ፤ ቍጥሩንም ላክሁ። ከመሥሪያ ቤት የምስጋና ደብዳቤ ደረሰኝ። ችግኙ እንዴት እንደሚቈረጥ ግን ከችግኙ ጋር የመጣ ወረቀት አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ኮሌጅ ውስጥ ተምሬው ነበር፤ ነገር ግን የመትከያ ጉድጓድ ስቈጥር ረሳሁት። ገበሬዎቹም በሚያውቁት መንገድ ሄዱ። የሚያውቁት ባሕር ዛፍን ነው። ባሕር ዛፍ ከሥሩ አስጠግተህ ብትቈርጠው ከጉቶው አራት አምስት ሆኖ ይነሣል። ሰስባንያውንም እንዲሁ ከመሬት ጋር አስጠግተው በገጀራ ቈረጡት። ከብቱ ጠገበ። ተክሉ ግን አልተነሣም። በሚቀጥለው ዓመት ስዞር የቀረው እዚህም እዚያም የቆመ ደረቅ ጉቶ ነበር። አንድ ሽማግሌ ጉቶውን በበትራቸው እየነኩ፣ «ልጄ፣ ባሕር ዛፍ ሲቈረጥ ይብሳል፤ ያንተ ዛፍ ግን ሲቈረጥ ያኰርፋል» አሉኝ። ሌላ አልተናገሩም። እኔ ግን ያን ቀን የተሰማኝን ኀፍረት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፤ በዚያው ዓመት በግንቦት ከብታቸውን ሲሸጡ አይቻለሁና።

ስለዚህ ከዚህ ንግግር አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ብትሆኑ ይህን ያዙ፤ ሰስባንያን ከጉልበታችሁ በታች አትቍረጡት። በሜትር ስንናገር ከ50 እስከ 75 ሳንቲ ሜትር ከመሬት ከፍ ብሎ ነው። ሜትር የሌለው ሰው አጠገቡ ቁሞ ጉልበቱን ይለካ፤ ከጉልበቱ ከፍ ብሎ እስከ ጭኑ መካከል ያለው ቦታ ትክክል ነው። ምክንያቱ ይህ ነው። የባሕር ዛፍ ጉቶ የሚያቈጠቍጥ ዓይን አለው፤ የሰስባንያ የታችኛው ግንድ ግን እንደዚያ አይደለም፤ አዲስ ቅርንጫፍ የሚያወጣው በላይኛው ክፍል ካሉት ቅርንጫፎች ጎን ነው። ደግሞም ሁሉንም ቅጠል አትግፈፉት። ከአሥር ቅርንጫፍ ቢያንስ አንዱን ወይም ሁለቱን ከነቅጠሉ ተዉለት፤ ሥሩን የሚመግበው እርሱ ነው። የመጀመሪያው ቈረጣ ቁመቱ ከሰው ደረት በላይ ሲሆን፣ ከ1 ሜትር ተኩል እስከ 2 ሜትር ሲደርስ ይሁን። ከዚያ በኋላ በዓመት 3 ወይም 4 ጊዜ መቍረጥ ይቻላል። ውሃ ባለበት ከዚያም በላይ የሚቈርጡ አሉ፤ እኔ ግን አልመክርም፤ ብዙ በቈረጡት መጠን ዕድሜው ያጥራል።

ስትቈርጡም በተሳለ ማጭድ ወይም በመቀስ ይሁን፤ በገጀራ ሲመታ ግንዱ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁም ብስባሽ ይገባል። ከብት ደግሞ ወደ ተክሉ አይለቀቅ። ቅርንጫፉ ተሰባሪ ስለ ሆነ አንድ ጊዜ የገባ በሬ ከሚበላው ይልቅ የሚሰብረው ይበልጣል። ቈርጦ ወደ ግርግም ማምጣት ነው።

ስለ አመጋገቡ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰጠው እንስሳ አንዳንድ ጊዜ አሽትቶ ይተወዋል። አትደንግጡ፤ በገለባው ላይ በጥቂቱ አደባልቃችሁ ስጡት፤ በሳምንት ውስጥ ይለምደዋል። ለአንድ የአገራችን በሬ በቀን እስከ 4 ኪሎ ርጥብ ቅጠልና ለጋ ቅርንጫፍ ይበቃዋል፤ ለአንድ በግ ወይም ፍየል ግማሽ ኪሎ ያህል። ከዚህ በላይ ብታበዙት ትርፉ እየቀነሰ ይሄዳል። በሙሉ ቀለቡ ውስጥ በደረቅ ሚዛን ከመቶ 30 እጅ እንዲያልፍ አይመከርም፤ ቅጠሉ ውስጥ በብዛት ሲበላ የማይስማሙ ነገሮች አሉበትና። ብቻውን አጥግቦ ማብላት ስሕተት ነው። ከታለበች ላም፣ ከሚያርስ በሬ፣ ጡት ከተወ ጥጃ ይልቅ ሌላውን አታስቀድሙ፤ ጥቂት ቅጠል ለሁሉም ሲበተን ለማንም አይሆንም።

እናቶች፣ ይህን በተለይ ለእናንተ እናገራለሁ፤ ሰስባንያ ለዶሮ አይሰጥም። ቅጠሉም ዘሩም ለዶሮ መርዝ ነው፤ ጫጩት ከበላው ይሞታል። ሆዱ እንደ ከብት አራት ክፍል ለሌለው እንስሳ ይህ ቅጠል አይመከርም። ዘሩን ስታደርቁ ዶሮ በማይደርስበት ቦታ ላይ ይሁን።

ቅጠሉ በበጋ ቢገኝም፣ መስከረምና ጥቅምት ላይ ያለው ግን ከሁሉ ይበልጣል። ያን ጊዜ ሣር ስላለ ቅጠሉ አያስፈልግም ብላችሁ አትተዉት። ቈርጣችሁ በጥላ ሥር በሸራ ወይም በማዳበሪያ ጆንያ ላይ አስጡት። በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ ጥቃቅኑ ቅጠል ከዘንጉ እየረገፈ ሸራው ላይ ይቀራል። በፀሐይ አታድርቁት፤ አረንጓዴነቱን ያጣል። የደረቀውን በጆንያ ከታችሁ ርጥበት በማይደርስበት ቦታ ስቀሉት። በሚያዝያ አንድ እፍኝ ሁለት እፍኝ ከጥቂት ጨው ጋር በገለባ ላይ ቢነሰነስ ከብቱ ገለባውን እንዴት እንደሚበላው ታያላችሁ። ቈረጣውም በጥቅምት ስለ ሆነ ተክሉ በመሬቱ ርጥበት እንደገና አቈጥቍጦ ለመጋቢት ይደርሳል።

አሁን ወደ አተካከሉ እንሂድ፤ ይህ ክፍል አጭር ነው፤ እናንተ ችግኝ ማፍላት ታውቃላችሁና። አንድ ኪሎ ዘር ውስጥ ከ55 ሺህ እስከ 80 ሺህ ፍሬ አለ፤ ስለዚህ ለአንድ ቤት አንድ የቡና ሲኒ ዘር ከበቂ በላይ ነው። ዘሩ ቆዳው ጠንካራ ነው፤ በተለይ የቆየ ዘር እንዲሁ ሲዘራ ከፊሉ ብቻ ይበቅላል። በአሸዋ ውስጥ አድርጎ በእጅ ማሸትና አንድ ሌሊት በውሃ ነክሮ ማሳደር ይበቃዋል። ጧት ያበጠው ይዘራል፤ ያላበጠው እንደገና ይታሻል። ከ2 ሳንቲ ሜትር በላይ ጥልቀት አትዝሩት። በሚያዝያ መደብ ላይ የተዘራው በሰኔ አጋማሽ ለመተከል ይደርሳል።

የሚተከልበትን ጊዜ አጥብቃችሁ ያዙ። ሰስባንያ ውሃ ይወዳል ሲባል፣ ችግኙ ከራሱ በላይ ውሃ ቢሸፍነው ይኖራል ማለት አይደለም፤ ልጅም ዋና ከመልመዱ በፊት ይሰምጣል። ስለዚህ ርብና ጉማራ ሳይወጡ፣ ዝናቡ እንደ ጀመረ፣ ችግኙ ሁለት ስንዝር ያህል ቁመት ይዞ መተከል አለበት። ውሃው በሚጠልቅበት ቦታ የአንድ ክንድ ስፋት ያለው መደብ ከፍ አድርጋችሁ በላዩ ላይ ትከሉ። በተክልና በተክል መካከል ግማሽ ሜትር፣ ማለትም አንድ ክንድ ይበቃል። የአንድ ሰው ማሳ ድንበር 100 ሜትር ቢሆን 200 ተክል ይይዛል። እርሻ ሳይነካ በድንበሩ ላይ ብቻ ይህን ያህል ይገኛል።

በየሩዝ ማሳው መካከል ባለው ትንንሽ ግድብ ላይ ግን አትትከሉት። ይህ የእኔ ሐሳብ ነው፤ ከእኔ የሚለዩ ባልደረቦች አሉ። ተክሉ ሲረዝም ሩዙን ያጠላበታል፤ ወፍም ያርፍበታል፤ ሩዝ ሲያሽት ወፍ መጠበቅ ምን ያህል ልጆችን ከትምህርት እንደሚያስቀር የምታውቁት ናችሁ። በውጪ ድንበር፣ በቦይ ዳር፣ በግቢ ጓሮና ወንዝ በሚበላው ዳርቻ ላይ ይሁን።

ስለ ጠላቶቹ ሁለት ነገር ልበል። አንዱ ቅጠል የሚበላ ትንሽ ጥንዚዛ ነው፤ ትሉም ጥንዚዛውም ይበሉታል፤ በዝናብ ጊዜ በለጋ ተክል ላይ ከወጣ በጥቂት ቀን ውስጥ ዘንጉን ብቻ ያስቀረዋል። መድኀኒት እንዳትረጩ፤ ቅጠሉን ነገ ለላም የምትሰጡት ነው፤ ወተቱንም ልጆቻችሁ ይጠጡታል። ጧት ጤዛ ሳይለቅ፣ ጥንዚዛው ሳይበር፣ ቅርንጫፉን በሳሙና ውሃ ባለበት ገበታ ላይ ማራገፍ ነው። ተክሉ ትልቅ ከሆነ ደግሞ ፈጥኖ መቍረጥና ማብላት ይሻላል።

ሁለተኛው ከመሬት በታች ያለ፣ በዓይን የማይታይ የሥር ትል ነው። ሰስባንያ ይህን ትል ያስጠጋል፤ ከዚያም ትሉ ወደ ቲማቲምና ወደ ቃሪያ ይሻገራል። ስለዚህ የጓሮ አትክልት የምታለሙ ሰዎች ሰስባንያን ከቲማቲም መደብ አጠገብ አትትከሉ። ይህን ትል ከመልካሙ ነገር ለመለየት አንድ ተክል ነቅላችሁ ሥሩን እጠቡ። በሥሩ ላይ ትንንሽ እንክብሎች ተጣብቀው ታያላችሁ። በጣታችሁ ስትነኩት በቀላሉ የሚላቀቅና ሲሰነጠቅ ውስጡ ሐምራዊ የሚሆን ከሆነ፣ እርሱ ናይትሮጂን የሚሰበስበው ነው፤ ደስ ይበላችሁ። እንክብሉ የማይላቀቅ፣ ሥሩ ራሱ ያበጠ ከሆነ ግን ትሉ ነው። ያን መሬት ለሁለት ዓመት ያህል ጤፍ ወይም ሌላ የአገዳና የብርዕ እህል ዝሩበት።

ሌሎች ጥቅሞችም አሉት፤ በአጭሩ እላለሁ። ቅጠሉ ከተወሰደ በኋላ የሚቀረው ዘንግ ደኅና ማገዶ ነው፤ ቶሎ ይቀጣጠላል፤ ጭሱም አነስተኛ ነው። ፍም ግን አይይዝም፤ ለእንጀራ ምጣድ እንጂ ለረጅም ወጥ አይሆንም። ለቤት ምሰሶ አታስቡት፤ ምስጥ ይጨርሰዋል። በማገዶነቱ የማየው ትልቁ ትርፍ፣ ለኩበት የሚሄደውን ፍግ ወደ ማሳ መመለሱ ነው። ለአፈርም ይበጃል። በምሥራቅ ዛምቢያ በቺፓታ አካባቢ፣ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ፣ መቀመጫው ናይሮቢ የሆነው ዓለም አቀፍ የአግሮፎረስትሪ ምርምር ማዕከል ከገበሬዎች ጋር ሞክሮታል። በደከመ መሬት ላይ ሰስባንያ ለሁለት ዓመት ያህል ተተክሎ ቆይቶ ሲቈረጥና በቆሎ ሲዘራበት፣ ያለ ማዳበሪያ ሳይቋረጥ ከሚታረሰው መሬት እጅግ የበለጠ ምርት ሰጥቷል። እኛ ግን ሁለት ዓመት የምናሳርፈው መሬት የለንም፤ ስለዚህ እርሱን ለእናንተ አላቀርብም። ከድንበር የተቈረጠውን ትርፍ ቅጠል ከብት የተወውን፣ ሩዝ ከመተከሉ በፊት ከጭቃው ጋር አብሮ መርገጥ ግን ይቻላል።

ስለ ዘሩ የሚጠይቅ ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ1974 አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመው፣ ዛሬ በዓለም አቀፍ የእንስሳት እርባታ ምርምር ተቋም ውስጥ የተጠቃለለው የምርምር ማዕከል፣ ከብዙ አገር የሰስባንያ ዘር ሰብስቦ በአንድነት አነጻጽሯል፤ ከእነርሱም መካከል በቅጠል ብዛት ደኅና ሆኖ የታወቀው በቍጥር 15019 የሚጠራው ነው። እርሱን ያገኘ ያግኝ። ያላገኘ ግን ከጎረቤት ዘር መውሰድ አይፈር። ተክሉ ከ3 እስከ 5 ዓመት ብቻ ስለሚኖር በየዓመቱ ከድንበሩ ጥቂቱን በአዲስ መተካት ግድ ነው፤ በየዓመቱ ችግኝ በመኪና እስኪመጣ የሚጠብቅ ሰው በአምስተኛው ዓመት ባዶ ድንበር ይኖረዋል። ስለዚህ ሲጀመር ከ200ው መካከል አምስት ስድስቱን ምልክት አድርጉባቸውና ፈጽሞ አትቍረጧቸው፤ አብበው ያፍሩ። ቆባው ቡናማ ሲሆን፣ ፈንድቶ ከመርገፉ በፊት ልቀሙት።

አንድ አባት ንግግሬን ከመጀመሬ በፊት፣ «ስንት ጊዜ ትጠቅማለህ የተባለ ተክል መጥቶ ሄዷል፤ ይህስ ምን ይለየዋል?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር። ጥያቄው ተገቢ ነው። የእኔ መልስ፣ አንድ ማሳ ሙሉ እንዳትተክሉ ነው። በዚህ ክረምት ሃያ ተክል ትከሉ፤ አሥሩን እኔ እንዳልኋችሁ ከጉልበት በላይ ቍረጡ፤ አሥሩን ደግሞ እንደ ልማዳችሁ። ለአንድ በሬ ብቻ አብሉና በሚቀጥለው ግንቦት ካልበላው ጋር አቁማችሁ ተመልከቷቸው። እኔም በዚያን ጊዜ እመጣለሁ፤ ቍጥር ለመጻፍ ሳይሆን የቆመውን ለማየት።

ከዚህ አዳራሽ ጀርባ በቦዩ ዳር ሁለት ዓመት የሞላው ሰስባንያ አለ። ቈረጣውን በቃል ከመናገር በእጅ ማሳየት ስለሚሻል፣ አሁን ወደዚያ እንሂድ። ማጭድ የያዛችሁ ወደ ፊት ቅደሙ፤ ወጣቶቹ በርዝመታችሁ አትታለሉ፤ ጉልበታቸው ከፍ ያለ ሰዎች ትንሽ ዝቅ አድርጋችሁ ትቈርጣላችሁ።